የኣቦይ ሃብቶም ትራክተር ለምን ያንጠባጥባል?

ከአስመራ ሰው ጋር ስለ ማኪና አትከራከሩ። ምክሬ ነው። ስለ ሃይማኖት ተከራከሩ፣ ስለ ብስክሌት ውድድር ተከራከሩ፣ ካሻችሁም ፓስታ ምን ያህል ይቀቀላል በሚለው ተጣሉ። ማኪና ላይ ሲደርስ ግን አፋችሁን ያዙ። እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ግማሽ መካኒክ ነው። ፀጉር አስተካካዬ ሳይቀር ጢሜን እየላጨ፣ በውጭ የምታልፍ ማኪና ድምፅ ሰምቶ፣ አንደኛዋ ካንዴላ ሞታለች ይለኛል። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስላለ እኔም እስማማለሁ።

እንዴት አይሆን? ጣሊያን ሄደ፣ ማኪናው ቀረ። እንግሊዝም መጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ። መለዋወጫ የሚባል ነገር ተረት ሆነ። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? የሌለውን ከሌላ ነገር ቆርጦ መሥራት ለመደ። እኔ በበኩሌ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም። የእኔ ድርሻ መደነቅ ነው። ሚስቴ፣ አንተ ዝናብ ሲዘንብም አፍህን ከፍተህ ነው የምታየው ትለኛለች። ልክ ናት። ዛሬ የማወራችሁን ነገር ብታዩ ግን እናንተም አትዘጉትም ነበር።

ነጻነት በመጣ ሰሞን ነው። የሚስቴ አባት ኣቦይ ሃብቶም፣ ከፓራዲዞ ወዲያ፣ ከተማው አልቆ እርሻ በሚጀምርበት ቦታ፣ ቤትና መሬት አላቸው። ትራክተርም አላቸው። በጎልማሳነታቸው፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያን ገበሬ ነው የገዙት። ያኔም አዲስ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ጎማውን እንዳይፈታው ጭድ ከምረውበት፣ በእሾህ አጥረው ደበቁት። ቀለሙ ቀይ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን የደረስኩት ዝገት ሆኖ ነው። ስም አውጥተውለታል፣ "ሽማግለ" ይሉታል። ሽማግለ ዛሬ አልተነሣም ሲሉ የሰማ እንግዳ፣ በሽተኛ አባት ያላቸው መስሎት ሊጠይቅ ይገባል።

ሽማግለ በእርግጥም በሽተኛ ነበር። በሽታው ምን መሰላችሁ? ከራዲያተሩ ጀርባ ትልቅ ማራገቢያ አለው። እሱ ሲሽከረከር ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። ማራገቢያው መሃል ላይ ደግሞ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት፣ ሁሉንም የተሸከመ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ብረት አለ። በአሁኖቹ ማኪናዎች ይኼ ነገር ተደፍኖ ነው የሚመጣው። የሽማግለ ሞዞ ግን እንደ ኩራዝ ነው፤ ብሎን ተፈትቶ ሆዱ ውስጥ ዘይት ይጨመርበታል። እንግዲህ ያ ዘይት ይወጣል። ማራገቢያው እየተሽከረከረ ይረጨዋል፣ ራዲያተሩ ዘይት በዘይት ይሆናል፣ የእርሻ አቧራ ይለጠፍበታል። ዘይትና አቧራ ተቦክቶ ሊጥ ሲሆን ራዲያተሩ መተንፈሻ ያጣል። ከዚያ ሽማግለ እንደ ጀበና ይፈላል።

አንዲት ጠብታ ዘይት ሰው ታስርባለች ብላችሁ ታምናላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የሆነው እሱ ነው። ኣቦይ ሃብቶም በሬ የሌላቸውን ጎረቤቶች መሬት ያርሱላቸዋል። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ወረፋዋ ደርሶ ሲያርሱላት ሽማግለ መሃል እርሻ ላይ ፈልቶ ቆመ። እሱ እስኪድን ዝናቡ ሄደ። መሬቷ ጦሙን አደረ። ሴትዮዋ አንድም ቃል አልተናገረቻቸውም፣ እንዲያውም የቐንየለይ ብላ ነው የሄደችው። ያ ምስጋና ነው አማቴን የገደላቸው።

እና በማኅበር ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቃል ሰጡ። በመጪው ክረምት ሽማግለ አንድ ጊዜ ከፈላ፣ በራኺ ይውሰደው አሉ። በራኺ ማለት መደበር ውስጥ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው ነው። መደበርን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እዚያ የገባ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፣ የገባ ጎማ ጫማ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ገብቶ እንደገባ የሚወጣው ሰው ብቻ ነው። በራኺ በማኅበሩ ላይ ነበር። "እወ፣ እወስደዋለሁ" አለና የያዘውን ስዋ ጠጥቶ ጨረሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ኣቦይ ሃብቶም ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ መጀመሪያ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሌላ ቀን ኑ፣ እሰጣችኋለሁ ብለው መልሰው ነበር፤ አጥፈው ቢያውቁ እኔ ልጃቸውን በሁለተኛው ሽምግልና አላገኛትም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሰኔ እየቀረበ ነው። ደመናው ሲጠቁር ገበሬ ሁሉ ደስ ሲለው እሳቸው ይከፋቸዋል።

እዚህ ላይ ለምለም ትገባለች። ለምለም የሚስቴ ታናሽ እህት ናት። ገና ተማሪ ሳለች ለማንም ሳትናገር ከታጋዮች ጋር ሜዳ ወጣች፤ ትግሉ ሲያልቅ ፀጉሯን ጎፈር አድርጋ፣ በላስቲክ ሺዳ ጫማ ገባች። መካኒክ ሆና ነው የመጣችው። ሜዳ ሁሉም ጓድ ስለሆነ ሁሉንም "አንተ" ማለት ለምዳ፣ ቄሱንም "ደሓን ዶ ሓዲርካ" ብላ ትከሻቸውን መታ አደረገቻቸው። ኣደይ ምሕረት፣ እናቷ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ለአባትና ለእናቷ ብቻ ግን አንቱታውን አልተወችም ነበር።

አባትና ልጅ ስላለፉት ዓመታት አያወሩም። እሳቸው አይጠይቁም፣ እሷም አትናገርም። ሞታለች ተብለው ተረድተው አልቅሰው ነበር፤ እንዴት ብለው ይጠይቁ? ስለ ትራክተር ግን ያወሩ ነበር። የማራገቢያው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቷል ወይ? ድምፁ ከግራ ነው ከቀኝ? አንዳንድ ቤተሰብ በግጥም ይፋቀራል፣ አንዳንዱ በስድብ፤ የእኔ አማቾች በትራክተር በኩል ነው የሚፋቀሩት።

ለምለም ስለ ቃሉ በሰማች ጊዜ ሳቀች። ሜዳ ላይ በቦምብ የተመታ ካሚዮን ከዛፍ ሥር ሆኜ አስነሥቻለሁ፣ ይኼማ ሻሂ እስኪፈላ ነው አለች። ትሑት ናት ብዬ አልዋሻችሁም። በማግስቱ ማራገቢያውን አውርዳ ሞዞውን ፈታችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ሥራዬ መደነቅ ነው ብያችኋለሁ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው የቡሽ ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዘንጉን አቅፎ ዘይት የሚያግደው፣ ከታመቀ ሱፍ የተሠራው ቀለበት ደግሞ ሲነኩት አመድ ሆነ። ዘንጉ ግን፣ እግዚኦ፣ እንዴት ያለ ዘንግ ነው? ያ ሁሉ ዘመን የዞረበት ብረት ጭረት የለውም። አፍንጫዬን አየሁበት፤ እንኳን ሌላው፣ ጠዋት ስላጭ የቀረችውን ፀጉር ሳይቀር። ለምለም በጣቷ ዳሰሰችውና በእጅጌዋ ወለወለችው።

ጓርኒሲዮኑን ከአሮጌ የቡሽ ንጣፍ ቆርጣ ሠራች። ችግሩ ሱፉ ነው። መደበርን ዞርን። ብርድ ልብስ አመጡልን፣ ስስ ነው አለች። የኮርቻ ምንጣፍ አመጡልን፣ ልል ነው አለች። የፈለገችው በጣም የታመቀ፣ ዘይት ጠጥቶ የማይበተን ሱፍ ነው። ባዶ እጃችንን ተመልሰን ግቢ ስንገባ ኣቦይ ሃብቶም ተቀምጠው ይጠብቁናል። ፊታችንን አዩ። ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ።

ይኼን ባርኔጣ ማወቅ አለባችሁ። ግራጫ፣ የጣሊያን ጊዜ፣ ለቅዳሴና ለቀብር ብቻ የሚደረግ ነው። ዝናብ ሲመጣ እሳቸው በስብሰው ባርኔጣውን ኮታቸው ውስጥ የሚደብቁት ነው። እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ እንኳን አላደረጉትም፤ ሁለቱም ጊዜ። አሁን ለልጃቸው ሰጧትና፣ ከዚህ የታመቀ ሱፍ አስመራ ውስጥ የለም፣ ቁረጪ አሉ። ኣደይ ምሕረት ከኩሽና ሆነው ዋይ አሉ። ለምለም መቀሱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ባርኔጣውን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው። ከክፈፉ ላይ ቀለበቱን ቆርጣ አወጣች። ልክክ አለ። እሳቸውም ክፈፉ ያጠረውን ባርኔጣ ጭንቅላታቸው ላይ ደፉና፣ አሁንማ ፀሐዩን በደንብ አየዋለሁ አሉ። እኔ ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። አቧራ ነው አልኩ።

ገጠመችው። ዘይት ለክታ ጨመረች። አስነሣን፣ ሠራ፣ አንድ ጠብታ የለም። ለምለም፣ አላልኳችሁም ብላ ሺዳዋን እያጨበጨበች ገባች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማግስቱ ለሙከራ ጓሮውን ሲያርሱ ራዲያተሩ እንደገና ዘይት በዘይት ሆነ። ፈትታ አየችው፣ ሱፉ ደኅና ነው። ገጠመችው። በማግስቱ ደግሞ ያው። ለምለም እራት እምቢ አለች። ባርኔጣውን በከንቱ አስቆረጥኩት ነው ጭንቀቷ። አባቷ ሊያጽናኗት ብለው ምንም አይደለም ባሉ ቁጥር ይብስባታል። ዝናቡ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ማጉረምረም ጀምሯል፤ በራኺም አልፎ አልፎ ሰላም ልበላችሁ እያለ ብቅ ይላል። በዓይኑ ሽማግለን ሲመዝነው አይቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሽማግለ ሲሞቅ ይርበኛል። እውነቴን ነው። ሌላ ጊዜ ሞተር ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል፤ የእሱ ሽታ ግን ምራቄን ያመጣዋል። ለለምለም ነገርኳት። ትራክተሩ ዘላብያ ዘላብያ፣ የተጠበሰ ሊጥ ይሸተኛል አልኳት። ልትሰድበኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። ሄዳ ራዲያተሩን በጣቷ ጠርጋ ቀመሰች። ከዚያ ነገ ጠዋት በጊዜ ና አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ከሰፈሬ ከጸጸራት በብስክሌቴ ደረስኩ። ከጭዱ ክምር ጀርባ ሁለታችንም ሻሂ ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ ኣቦይ ሃብቶም መጡ፣ ጣሳቸውን ይዘው። ማራገቢያውን በቀስታ አዙረው ብሎኑን ወደ ላይ አመጡት። ፈቱና ዘይት ጨመሩ፣ ጨመሩ፣ እስከ አፉ ሞሉት። ዝቅ ብለው አዩና ቅር አላቸው መሰለኝ፣ አንድ ጭልፋ ደገሙት። ብሎኑን ገጥመው፣ የፈሰሰውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ሽማግለን መታ መታ አድርገው ገቡ።

ለምለም ግንባሯን ያዘች። የዚህ ሞዞ ሕግ ሌላ ነው። ብሎኑን ወደ ጎን አዙሮ፣ እስከ እኩሌታ ብቻ ነው የሚሞላው። ከዚያ በላይ ከሆነ በዘንጉ በኩል ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም፤ እንኳን ባርኔጣ፣ ካባም ቢያለብሱት አያግደውም። ግን እስቲ ፍረዱ፣ የእኛ ሰው ለሥራ ለሚሄድ ሽማግሌ እኩሌታ ይቀዳል? ጎደሎ ብርጭቆ ያቀረበ ሰው ዳግመኛ ቤቱ ይሄዱለታል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለተኛውን የምናጎርስ፣ በሁለተኛው ላይ በሞቴ ብለን ሦስተኛውን የምንጨምር ሰዎች ነን። ትራክተሩ ደግሞ አይ፣ በቃኝ ማለት አይችልም።

በዚህ አላበቃም። ማታ ሽማግለ ደክሞት ሲገባ ኣደይ ምሕረት መጡ። ግራ ቀኝ አዩ። ከነጠላቸው ሥር ሌላ ጣሳ አወጡ፤ የእርዳታ የምግብ ዘይት። ቀን ሲያፈስ የዋለውን ተኩለት። ባላቸው የሚጨምሩለት ያ ጥቁር ዘይት ጠብታው እንኳ የማይበላ ነገር ስለሆነ አሳዝኗቸው ኖሯል። አንዳቸው የሌላውን አያውቁም፤ ዓመታት ሙሉ እንዲህ በስውር ሲያስተናግዱት ኖረዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እኛ ግን ሰኔም ላይ ሰማን።

አሁን ማን ይንገራቸው? እኔ አማች ነኝ፣ የአማች ምላስ አጭር ነው። ለምለም ግቢውን ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ቦምብ ያልፈራች ሴት አባቷን ፈራች። በመጨረሻ ገብታ ከአጠገባቸው ቁጢጥ አለችና፣ ኣቦ፣ ዘይቱ በዝቶበት ነው አለቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው።

ኣቦይ ሃብቶም የያዙትን ጣሳ አዩ። ጣሳውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ አዛወሩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"ሽማግለን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው? የዚያች ሴት መሬት ጦሙን ያደረው በእኔ ነው?" አሉ።

ለምለም ወጣች። ጥላን ሄደች ብዬ ነበር። ዘንጉን ፈትታ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተመለሰችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ይዩት፣ ኣቦ" አለች። "መደበር ውስጥ እንደ እሱ ዕድሜ ያለው ዘንግ ሁሉ ተበልቶ አልቋል። የሰው ሁሉ ትራክተር በድርቀት ሞቷል። ይኼ ጭረት የሌለው ለምን ይመስልዎታል? እርስዎ ስላልሰሰቱበት ነው። እኔ የምጠግነው ሽማግለ የተረፈው በእርስዎ ነው።"

ሐሰት አልነበረም፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሁሉ የተትረፈረፈ ቸርነት ራዲያተሩን አበላሸ፣ ያው ቸርነት ዘንጉን አዳነ። ሚዛን ያለው ሰው ይፍረደው፤ እኔ አቅቶኛል። ኣቦይ ሃብቶም ዘንጉን ወደ ብርሃን አዙረው ፊታቸውን አዩበት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ በደንብ፣ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሜዳ የሚበላ ነበራችሁ? ብለው ጠየቋት። አንዳንዴ ነበር አለች። እዚያው ተቀምጠው እስኪመሽ ያወሩትን እኔ አልሰማሁም፤ ኣደይ ምሕረት ጎትተው አወጡኝ። እሳቸው ግን በር ላይ ሆነው የእኔስ ዘይት ብለው ጠየቁ። የእርስዎ ለወጥ ይሁን አለች ለምለም።

ዝናቡ መጣ። የእርሻው ቀን በራኺ ካሚዮንና ገመድ ይዞ ደረሰ። አይፈረድበትም፣ ቃል ተሰጥቶታል። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሽማግለ እስኪፈላ ጠበቀ። ኣደይ ምሕረት ሲያስተናግዱት ዋሉ፤ ከትራክተሩ የተከለከለው ሁሉ በራኺ ላይ ወረደ። ከቀትር በፊት እሱ ራሱ መነሣት አቅቶት ነበር።

ኣቦይ ሃብቶም የጀመሩት ከዚያች ሴት መሬት ነው። ሄዱ፣ ተመለሱ። ሄዱ፣ ተመለሱ። ድንገት መሃል ላይ አቆሙ። በራኺ ገመዱን ያዘ። አማቴ ወርደው ከማራገቢያው ሥር ተንበርክከው መሬቱን ዳሰሱ፣ ከዚያ ፊታቸው አመድ መስሎ ለምለምን ጠሩ። አያንጠባጥብም አሉ። ዘይቱ አልቆበታል። ኣደይ ምሕረት ከነጠላቸው ሥር ጣሳ ሲያወጡ ለምለም መሃል ገባች። ብሎኑን ወደ ጎን አዙራ ፈታችው። ዘይቱ እስከ እኩሌታው፣ ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል፣ እዚያው የተወችው ቦታ ላይ፣ ወርቅ መስሎ ቆሟል። አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። ሁላችንም ተራ በተራ አየን። ትራክተሩ ሲያፈስ ለኖረ ሰው፣ ያለማፍሰስ ተአምር ነው። አማቴ አማተቡና ወጥተው ተቀመጡ።

እስከ ማታ አረሱ። የሴትዮዋ መሬት አለቀ፣ የቀጣዩም አለቀ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በራኺ እንደምንም ተነሥቶ መጣና መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አደረገ። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ደረቅ ነው። ይኼ ሰው በሕይወቱ ብረት ሲሞት እንጂ ሲድን አይቶ አያውቅም። ገመዱን ጠቅልሎ ካሚዮኑ ላይ ወረወረና ወደ ኣቦይ ሃብቶም ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእናቴ መሬት ሳይታረስ ቆይቷል፣ ወረፋ ይኖር ይሆን አለ። ነገ በጠዋት አሉት።

እንግዲህ በማግስቱ በጠዋት እኔም ለማየት ሄድኩ። ኣቦይ ሃብቶም ሽማግለ ፊት ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። ጣሳውን የት እንደሚያደርጉት ያውቁ ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ግን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም። ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት ምን ልሥራ? ብለው ልጃቸውን ጠየቋት። ለምለም አሰበችና፣ ሰላም ይበሉት፣ ይበቃዋል አለች።

የእኛ አገር ሰላምታ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከመይ ሓዲርካ አሉት፣ ደሓን ዶ አሉት። ጎማዎቹን በየተራ ጠየቁ፣ ቺንጋውን ጠየቁ፣ ትናንት ስለደከመበት አመሰገኑት። እሳቸው ጨርሰው ዞር ሲሉ ኣደይ ምሕረት ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ፀሐይ ወጥታ ከፍ አለች። በራኺ ከበር ውጭ የካሚዮኑን ክላክስ አንዴ ነካ አደረገ። ሽማግለ ላይ ወጥታ የምትጠብቀው ለምለም መሪው ላይ በክርኗ ተደግፋ ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ ዘይቱ እንኳ ያልቅ ነበር አለችኝ።